«ፍቺው» ያልኩበት የአጋሮ ጉዞ

ከጅማ ወደ አጋሮ የሄድነው ሦስት ነን፤ እኔ አንዋር፣ ታናሽ እህቴ ሀያትና አክስታችን ዘይነባ። አጋሮ የጠበቀችን ራውዳ ናት፤ ከቤሩት ተመልሳ ቤቷ ውስጥ ዕቃ የምትሸጥ የአክስቴ የድሮ ጎረቤት። ሌላ ሰው አልነበረም።

የሄድነው ለመርፌ ነው። ሀያት ከኢድ በኋላ ትዳራለች። እኔም ለኒካዋ ነጭ የዳንቴል ሻርፕ እየሠራሁላት ነበር፤ ሙያውን ከስልኬ ነው የተማርኩት። ሻርፑ እየሰፋ ሲሄድ አጭሩ የፕላስቲክ መርፌዬ የክሩን ቀለበቶች ሁሉ መያዝ አቃተው። ራውዳ ዘንድ ግን ጫፉ እየተፈታ የሚቀየር፣ ሁለቱ ጫፎች በቀጭን ገመድ የሚገናኙ የሹራብ መርፌ መኖሩን ሰማን።

መንገድ

ከሰፈራችን ከሰቶ ሰመሮ እስከ መናኸሪያ በባጃጅ፣ ከዚያ በሚኒባስ ሄድን። ከከተማ እንደወጣን በአስፋልቱ ዳር ቀይ ቡና ሸራ ላይ ተሰጥቶ ነበር። ሀያት ሻርፑን ጭኗ ላይ ይዛ፣ «ብትሳሳት ምን ታደርጋለህ?» አለችኝ።

«ዳንቴል አይጠገንም። ስህተቱ ድረስ መፍታት ነው» አልኳት።

አጋሮ

ራውዳ ሻይና ሳምቡሳ አቀረበች። «ወንድ ሹራብ ሲሠራ ቤሩትም አላየሁ» አለች።

«ሸማ የሚሠራው ማነው ታዲያ፣ ድመት?» አለቻት አክስቴ።

ራውዳ ሁለት ዓይነት መርፌ አወጣች። የብረቱ ያንሸራትታል፤ ጫፉም ደንዝዞ ሁለት ቀለበት አንድ ላይ አይወጋም። የእንጨቱ ጫፍ ሹል ነው፣ ቀለበቱንም ይይዛል። ገመዱ ከጫፉ በሚጋጠምበት ቦታ ላይ ግን ትንሽ ቀዳዳ አየሁ።

«ተበስቷል» አልኳት።

«ወላሂ፣ ከፋብሪካው የመጣው እንዲሁ ነው።»

ሻርፑን ወደ እንጨቱ አዛውሬ አንድ መስመር ሠራሁ። የቀኙ መጋጠሚያ ክሩን ያዘው። «ይሄ አይሆንም» ብዬ ሥራውን ለሀያት ሰጠኋትና ሌላ ገመድ ልፈልግ የራውዳ የዕቃ ካርቶን ላይ አጎነበስኩ። «ፍቺው» አልኳት፤ ጫፉን ማለቴ ነው።

ከኋላዬ ትርርር የሚል ድምፅ ሰማሁ። ስዞር መርፌው ምንጣፉ ላይ ነበር፤ ክሩ በሀያት ጉልበት ላይ እንደ ተቀቀለ ፓስታ ተከምሯል። ከሻርፑ የቀረው መሀረብ ያክላል።

«ማል ጎቴ! ምን አደረግሽ?» አለች አክስቴ።

«ፍቺው አለኛ! የተሳሳተ መስሎኝ።»

አክስቴ ወደ እኔ ዞረች። «ኒካዋ ለደረሰ ልጅ ፍቺ ይባላል? አስተግፊሩላህ በል።»

አልኩ። ራውዳ በሻርፗ አፏን ሸፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ባዶውን መርፌ አንስቼ ሳገላብጠው፣ የተረፈ ክር በዚያ ቀዳዳ ገብቶ አለፈ። ደነገጥኩ። እዚያ ክር ቢታሰር መርፌውን ተከትሎ በቀለበቶቹ ሁሉ ያልፋል፤ ሥራው ቢፈታም ያ ክር ያለፈበት መስመር ላይ ይቆማል። ጉድለት ያልኩት ለዳንቴል የተበጀ ነገር ኖሯል። የእንጨቱን ክር ከማይዝ፣ ቀዳዳ ካለው ሌላ ገመድ ጋር ገዛሁ።

መመለስ

ሀያት እስከ ጅማ ክሩን ስትጠቀልል መጣች። ሰፈራችን ስንደርስ የጠቀለለችውን የክር ኳስ ሰጠችኝና፣ «ጠባብም ቢሆን ይድረስልኝ። ደግሞ ከዛሬ ወዲያ ‹አዙሪው› በል» አለችኝ።

ያን ቀን እንደገና ጀመርኩ፤ በቀዳዳው ቀይ ክር አስሬ። በቤታችን የመርፌ ጫፍ አሁን ይዞራል እንጂ አይፈታም።

ይህን የጻፍኩት እናንተም እንድታነቡት ነው፣ አክስቴ፣ ራውዳ፣ ሀያት፤ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ስለነበር ያላየሁትን ጨምሩበት። በተለይ ያ ሁሉ ክር ሲፈታ ማንም «ቆይ» ያላለው ለምን እንደሆነ የሚያውቅ ይንገረኝ።