የሻለቃው ጆሮ

ሻለቃው መድፈኛ ነበር፤ ግራ ጆሮውን እዚያው መድፉ ጋ ትቶ ነው ጡረታ የወጣው። ቀኙም ለስሙ አለ እንጂ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ቁመናውን ያዩ ሰዎች ግን የምክር ቤቱ ሥነ ሥርዓት ክፍል አስገቡት። ሥራው የክብር በትሩን ይዞ ከአፈ ጉባኤው ፊት ፊት መግባት፣ ከዚያም በሩ አጠገብ ቆሞ የታዘዘውን መፈጸም ነው።

አለመስማቱን ከባለቤቱ በቀር ማንም አያውቅም። ከንፈር ማንበብ ስለለመደ አፈ ጉባኤው ተናግሮ ሳይጨርስ ነገሩ ይገባዋል።

«አንተ ሰውዬ፣ አንድ ቀን ጉድ ትሠራለህ» ትለዋለች ባለቤቱ። «ንገራቸውና ይውጣልህ።»

«ምን ብዬ? ደንቆሮ በረኛ ቀጥራችኋል ልበላቸው?»

ከዚያ አፈ ጉባኤው ተቀየረ። አዲሱ ሪዛም ነው፤ ሲናገርም መዳፉን አፉ ላይ የማድረግ አመል አለበት። ሻለቃው እንቅልፍ አጣ።

የግብር ሕጉ በቀረበ ዕለት አንድ ሸምገል ያለ የተቃዋሚ አባል «አልቀመጥም» ብሎ ጠረጴዛውን ይደበድብ ጀመር። አዳራሹ ታመሰ። አፈ ጉባኤው ወደ ሻለቃው ዞሮ በመዳፉ ሥር አንድ ነገር አለ። «ያውጡት» ነው? ወይስ «ይተዉት»? ሁሉም ዓይኑን ተከለበት። ምን አሉኝ ብሎ መጠየቅ ጉድን ማውጣት ነው፤ ዝም ብሎ መቆም ደግሞ ትእዛዝ መጣስ። እግሩ ቀድሞት ሄደ። እጁን አባሉ ትከሻ ላይ አሳረፈ።

የሚንቀሳቀሰው ከንፈር ሁሉ ባንድ ጊዜ ቆመ። አፈ ጉባኤው ፊቱ ዐመድ መስሎ ተነሥቷል፤ መዳፉም ከአፉ ወርዷል። «ይተዉት ነው ያልኩት!»

የአባሉ ወዳጆች ወንበር እየገፉ መጡ። አንዱ ኮሌታውን አነቀው። ሻለቃው አልታገለም፤ እጁን ከትከሻው አንሥቶ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ክቡር አፈ ጉባኤ፣ አልሰማሁም። ጆሮዬ አይሰማም። እዚህ ስገባም አይሰማም ነበር።»

ይጩህ ያንሾካሹክ እሱ ራሱ አላወቀም። ኮሌታውን ያነቀው እጅ ግን ላላ። ሽማግሌው አባል ከእግር እስከ ራሱ አየውና ቃሉን አንድ በአንድ እየለየ፣ «ጆሮ ያለው ሁሉ አልሰማኝም፤ በእርስዎማ ምን እፈርዳለሁ?» ብሎ ተቀመጠ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ሌላው አልሳቀም።

ሻለቃው በማግስቱ መልቀቂያ ይዞ ሄደ። አፈ ጉባኤው አልተቀበለውም፤ በሩን ለሌላ ሰው ሰጥቶ በትሩን ለእሱ ተወለት። በሩን መነጠቁ ከረም እስኪል ድረስ ሲያንገበግበው ኖረ። ሐኪም ቤት ግን ሄዶ የመስሚያ መሣሪያ አስገጠመ።

ክርክሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሰማ ዕለት እንደ ደከመው ቤቱ ገባ።

«እህ፣ እንዴት ነበር?» አለችው ባለቤቱ።

«ኧረ ተይኝ! እኔ እኮ ቁም ነገር የሚያወሩ መስሎኝ!»