የካፒቴን ሂግቢ ወንበር

ዴልበርት ክራውች አምሳ ሰባት ዓመቱ ነው። ሦስት መቶ ቶን ከነጭነቱ የሚመዝን አውሮፕላን ያበራል፤ የሚተኛው ግን ተደራራቢ አልጋ ላይ ነው፣ ያውም እላይኛው። መሰላሉን ሲወጣ ጉልበቱ ቀጭ ቀጭ ይላል። ከታች የተኛው ደግሞ ዓይኑን ሳይገልጥ “ቀስ በል እንጂ” ይለዋል።

ቤት የለውም እንዳትሉ። ቦይዚ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ ፎቅ፣ ጓሮ ያለው፣ ውሻ ያለው ቤት አለው። ሚስቱ ኮሪን እዚያ ናት። ችግሩ ቤቱ ቦይዚ፣ ሥራው ቶሊዶ መሆኑ ነው፤ በመሃል ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር አለ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው። ለምን አይዛወርም የሚል ካለ፣ ሦስት ጊዜ ተዛውረዋል። ሦስት ጊዜም ድርጅቱ የሥራውን ከተማ ቀየረ። በአራተኛው ኮሪን፣ “እኔ ከዚህ ንቅንቅ አልልም፤ አንተ ክንፍ አለህ” አለችው።

ስለዚህ ቶሊዶ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ አንዲት ባልቴት የሚያከራዩት ቤት ውስጥ፣ እንደሱ ቤታቸው ሩቅ ከሆነ አሥራ አንድ አብራሪዎች ጋር ያድራል። ያድራል ማለቴ ይውላል፤ ጭነት የሚያበር ሰው ሌሊት ሠርቶ ቀን ነው የሚተኛ። መስኮቱ ሁሉ ፀሐይ እንዳያስገባ በብር ወረቀት፣ በዚያ በሚያብለጨልጨው የምግብ መጠቅለያ ተሸፍኗል። ማቀዝቀዣው ላይ ደግሞ ዝርዝር ተለጥፏል፤ የቤቱ ሕገ መንግሥት እሱ ነው። ማን መቼ ተቀጠረ፣ ማን ስንተኛ ነው። በዚያ ሥራ ሁሉ ነገር በቅጥር ተራ ነው፤ እነዚህ ጉዶች ደግሞ ተራውን ቤት ድረስ ይዘውት ገቡ። ቀድሞ የተቀጠረ ቀድሞ ይታጠባል፣ ታችኛው አልጋ ላይ ይተኛል፣ ማቀዝቀዣው ውስጥ የላይኛው መደርደሪያ የሱ ነው። ዴልበርት አሥራ ሁለተኛ ነው። ቀዝቃዛ ውሃና የአትክልት መሳቢያው ደርሶታል።

ልምድ አንሶት አይደለም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መንገደኛ ሲያመላልስ ኖሮ ያ ድርጅት ከሰረ። አዲስ ድርጅት ስትገባ ደግሞ ዓመትህ በር ላይ ይቀራል፤ በአርባ ስድስት ዓመቱ እንደ አራስ ሕፃን ከዜሮ ጀመረ።

በዝርዝሩ አንደኛው ካፒቴን ዋርድ ሂግቢ ነው። ስድሳ አራት ዓመቱ፣ ለጡረታው ስድስት ወር የቀረው። የወሩ የበረራ ፕሮግራሞች ሲወጡ ከመሃላቸው መጀመሪያ የሚመርጠው እሱ ነው፤ ሁልጊዜም ቅዳሜና በዓል ነፃ የሆነችውን ይወስዳል። ወስዶ የትም አይሄድም። ሚስቱ ከሞተች ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ልጅ የላቸውም፣ ቤቱንም ሸጦታል። ገና ሲመጣ ሌላው ሁሉ እየበረረ እሱ የመስኮቱ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ የቆርቆሮ ባቄላውን እየበላ የብር ወረቀቱን ያያል። ታዲያ ለምን ይወስዳታል? ተራው ነዋ።

የዴልበርት ቤተሰብ ግን ከመንገደኛው ዘመን ጀምሮ በአባትየው ሥራ ምክንያት የራሱን የቀን መቁጠሪያ አውጥቷል። ገናን በጃንዋሪ ሰባት ያከብራሉ፤ ገናን በኛ ቀን የሚያከብር ፈረንጅ እነሱን ብቻ ነው ያየሁት። አንዷ ልጁ ብሪን ማርች አራት ተወልዳ ሰባተኛ ዓመቷ የተከበረው ኤፕሪል መጨረሻ ላይ ነው። አስተማሪዋ ዕድሜዋን ብትጠይቃት “ስድስት። ሰባት የምሆነው አባዬ ሲመጣ ነው” አለች። ጭራሽ ካልደረሰም ከኬኩ አንድ ቁራጭ ይቆረጥና “የአባዬ” ተብሎ ተጽፎበት በረዶ ቤት ይቀመጥለታል።

ያቺ ልጅ ሃያ ስድስት ዓመት ሞላትና ደወለች።

“አባዬ፣ ሠርጌ ጁን አሥራ አራት ነው። ቅዳሜ፣ ሰባት ሰዓት ላይ።”

“እሰይ የኔ ልጅ። ፕሮግራሜ ሲወጣ አይቼ…”

“አላንቀሳቅሰውም። ልደቴን አንቀሳቅሻለሁ፣ ገናን አንቀሳቅሻለሁ። ዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ስጨርስ ላንተ ብዬ ጓሮ ውስጥ ድጋሚ ተመርቄያለሁ፤ እማዬ በማንኪያ ጽዋ እየመታች። ይሄን ግን አላንቀሳቅሰውም። ካልመጣህ አልቆጣህም አባዬ። ብቻ ሁለተኛ አልጠብቅህም።”

በማግስቱ ጠዋት ከሥራ ሲመለስ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር ወደ መስኮቱ ወንበር ሄደ።

“ካፒቴን፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ።”

“ሙቅ ውሃ ከሆነ ዘጠነኛው ገና አልታጠበም” አለ ሂግቢ።

“የጁን ፕሮግራም ነው። ቅዳሜ አሥራ አራትን ነፃ የምታደርገው አንዷ ብቻ ናት፤ እሷን እርስዎ ሊወስዷት ነው።”

“እወስዳታለሁ።”

“ቅዳሜ ምን አለብዎት?”

ሂግቢ ከልቡ አሰበ። “ምንም” አለ።

“እንግዲያው ቢተዉልኝስ?”

“አንተ ልጅ፣ ስማኝ። እኔ ብተዋት ላንተ አትደርስም። ሁለተኛው ይወስዳታል። እሱ ቢተዋት ሦስተኛው አለ። አንተ ጋ እስክትደርስ ልጅህ አያት ትሆናለች።”

እውነቱን ነው፤ ያናድዳል እንጂ እውነቱን ነው። ዴልበርት መላ ቢያጣ ጊዜ አንጀቱን ቢያራራልኝ ብሎ የሠርጉን መጥሪያ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። የብሪን ፎቶ አለበት፤ ስትስቅ። ሂግቢ ተነስቶ ሄዶ እጁን ታጠበ። ተመልሶ መነጽሩን አድርጎ ሁለት ጊዜ አነበበው።

“ለኔ ነው?” አለ።

ሰውዬው ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ማንም የትም ጠርቶት እንደማያውቅ ፊቱ ላይ ተጽፏል። እስቲ እናንተ ብትሆኑ አይደለም ትሉታላችሁ? ዴልበርትም አልቻለም።

“እንዴታ” አለ። “ለእርስዎ ነው።”

ከሳምንት በኋላ ኮሪን ደወለች። “ዴል፣ ካፒቴን ሂግቢ የሚባለው ማነው? ከመቶ አርባ እንግዳ መጀመሪያ መልስ የላከው እሱ ነው። ካርዱ ላይ ካሉት ምግቦችም ዓሣ መርጧል።”

ዴልበርት ግንባሩን ያዘ። “እኔስ? ስሜን አስገባችሁልኝ?”

ኮሪን የእንግዶቹን ዝርዝር ገለጠች። “መልስ አልላክህም።”

“ኮሪን፣ አባቷ ነኝ።”

“አውቃለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ወንበር እያስቀመጥኩ ባዶውን ሳይ ኖሬያለሁ። ብሪን ደግሞ በሠርጌ ፎቶ ላይ ባዶ ወንበር አልፈልግም አለች። ከመጣህ ወንበር አይጠፋም።”

የጁን ፕሮግራም ወጣ። ሂግቢ ያቺን መረጠ። ለዴልበርት የተረፈችው አርብ ሌሊት አሠርታ ቅዳሜ ማለዳ ቶሊዶ የምታሳርፈው ናት። አንድ ዕድል ግን አለች፤ ቅዳሜ ጠዋት የድርጅቱ የጭነት አውሮፕላን ወደ ቦይዚ ይሄዳል፣ ቀትር ላይ ይደርሳል። የመንገደኛውማ ሁለት ከተማ ዞሮ ሲደርስ ሙሽሮቹ ጫማቸውን አውልቀው ተኝተዋል። በጭነቱ ላይ ከአብራሪዎቹ ጀርባ አራት ወንበር አለ፤ ለድርጅቱ አብራሪዎች በነፃ ነው። በተራ ግን።

ዴልበርት ሊመዘገብ ገብቶ ዝርዝሩን ቢያይ አምስተኛ ነው። አንዱ ዓሣ ሊያጠምድ፣ አንዱ ጀልባ ሊገዛ፣ አንዱ ደግሞ ሣሩን ሊያጭድ ይሄዳል። አንደኛው ሂግቢ ነው። ወዴት? ወደ ዴልበርት ልጅ ሠርግ።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ማለት ይሄ አይደል?

“ካፒቴን፣ አንድ ሰው ቢተው እኔ እገባለሁ” አለው አርብ ዕለት።

“እኔ እንኳ አልችልም። እመጣለሁ ብዬ በጽሑፍ መልስ ሰጥቻለሁ። አንተ መልስ ሰጥተሃል?”

“አባቷ ነኝ እኮ።”

“መልስ ግን አልሰጠህም” አለ ሂግቢ፣ አዝኖለት።

ቅዳሜ ጠዋት ዴልበርት ዓይኑ ደም መስሎ ከአውሮፕላኑ ወርዶ በቀጥታ ወደ መመዝገቢያው ክፍል ሄደ። ሂግቢ አዲስ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ በወርቃማ ወረቀት የተጠቀለለ የኤሌክትሪክ ድስት ታቅፎ ቆሟል። ጫማውን ሁለት ጊዜ እንደቀባው ያስታውቃል። ሩዌና የምትባለው ሠራተኛ አራት ስም ጠራች። አምስተኛ የለም።

ዴልበርት ተስፋ ቆረጠ። የታጠፈች ወረቀት ከደረት ኪሱ አውጥቶ ለሂግቢ ሰጠው። “እባክዎ ይቺን ያንብቡላት።”

“ልየው?”

“ይዩት።”

ሂግቢ ድስቱን አስቀምጦ መነጽሩን አደረገ። ወረቀቱ ላይ ብዙ ነገር የለም። “ብሪን፣ ልደትሽ ማርች አራት ነው። ሁልጊዜም አውቀው ነበር። በየዓመቱ በዚያ ቀን የትም አገር ብሆን አንድ ቁራጭ ኬክ ገዝቼ ብቻዬን እበላለሁ። አባትሽ” ይላል።

ሂግቢ መነጽሩን አወለቀ። ከዚያ ወረቀቱን መለሰለት። “ራስህ አንብብላት። የእጅ ጽሑፍህ አይነበብም” አለና ወደ ሩዌና ዞረ። “ስሜን ሰርዢው።”

ሩዌና ሰምታ የማታውቀው ነገር ነው። “አንደኛ ተራ ሲለቅ ኮምፒዩተሩ ምክንያት ይጠይቃል” አለች። “ሦስት ነው ያለው፤ ሥራ፣ ሕመም፣ ሞት።”

“ነፃ ቀኔ ስለሆነ ሥራ አይሆንም። ሕመም ካልሽ ሐኪም ይልኩብኛል። ሞት በይው።”

“የዘመድ ነው የራስ? አይልም እዚህ።”

“ንኪው ዝም ብለሽ። አውሮፕላኑ ሊሄድ ነው።”

ነካችው። ዴልበርት ከነድስቱ አራተኛው ወንበር ላይ ገባ።

የሠርጉ ቦታ ሲደርስ ብሪን ነጭ ልብሷን ለብሳ በሩ ላይ ብቻዋን ቆማለች፤ ብቻዋን ልትገባ ወስና ነበር። ከነዩኒፎርሙ፣ ጺሙን ሳይላጭ፣ ድስት ታቅፎ የመጣውን ሰውዬ አየችው።

“ዛሬ ስንት ነው?” አለችው።

“አሥራ አራት።”

“ጁን?”

“ጁን።”

ሌላ አልጠየቀችውም። ድስቱን ተቀብላ መሬት አኖረችና ክንዱን ያዘች። ወረቀቷን እዚያው በር ላይ አነበበላት፤ ሁለቱም ዓይናቸውን እየጠረጉ ስለገቡ ፎቶ አንሺው ደጋግሞ ማንሳት ነበረበት።

ምሳው ላይ ባዶ የነበረው ወንበር አንድ ብቻ ነው፤ “ካፒቴን ሂግቢ” የሚል ካርድ አለው። ዴልበርት እሱ ላይ ተቀመጠ። ዓሣውም ቀረበለት፤ ዓሣ ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ አይወድም። ከሩቅ የማያዩት የሙሽራው አያት ከጎኑ ናቸው።

“ካፒቴን ሂግቢ፣ ሙሽራዋን በምን ያውቋታል?” አሉት።

“አባቷ ነኝ።”

“አይ፣ አባቷማ በጁላይ ነው የሚመጡት ብለውናል” አሉ አሮጊቷ፣ እንደ ውሸታም እያዩት።

ሊሄድ ሲል ብሪን አንዲት ዕቃ ይዛ መጣች። እንደ ልማዷ ከኬኩ አንድ ቁራጭ ቆርጣ “የአባዬ” ብላ ጽፋበታለች፤ አባቷ ፊቷ ቁጭ ብሎ። አይታ ሳቀች። “ለወንበሩ ባለቤት ስጥልኝ” አለችው።

ሰኞ ጠዋት ቶሊዶ ሲመለስ በሩ ላይ የአበባ ጉንጉን ተቀምጧል፤ ከድርጅቱ የተላከ የሐዘን ካርድ አለበት። ደረጃው ላይ ሂግቢ ሻንጣውን ይዞ ተቀምጧል።

“ካፒቴን፣ ምን ሆነው ነው?”

“ሞቻለሁ” አለ ሂግቢ። “ኮምፒዩተሩ የራስ ነው ያደረገው። ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ሁለተኛው አልጋዬን ወሰደ፤ እኔ ቆሜ እያየሁት። አልሞትኩም እኮ አልኳቸው።”

“ምን አሉ?”

“ዝርዝሩ ላይ የሉም አሉኝ። ድርጅቱ ጋ ደወልኩ። ይቅርታ ጠየቁኝ፣ ደግ ሰዎች ናቸው። ግን ማሽኑ መሃል ላይ ሰው አይከትም። ዛሬ እንደተቀጠርኩ አድርገው ነው የመዘገቡኝ።”

የሠላሳ አንድ ዓመት አገልግሎቱ በአንዲት ጣት ሄደ። አሁን በድርጅቱም በቤቱም መጨረሻ እሱ ነው። ዴልበርት አሥራ አንደኛ ሆኖ ታችኛው አልጋ ደርሶታል። አፈረ፤ መሬት ብትውጠው ደስ ባለው።

“እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ታችኛውን አልጋ ይውሰዱ፣ እኔ ላይ እተኛለሁ” አለ።

“የለም። ተራ ተራ ነው።”

ዴልበርት የኬኩን ዕቃ ሰጠው። ሂግቢ ጽሑፉን አነበበ። “እኔ የማንም አባት አይደለሁም” አለ።

“እሷ ናት የላከችልዎ። ይብሉ።”

ደረጃው ላይ ተቀምጦ ፍርፋሪዋን ሳያስቀር በላ። ከዚያ ሁለቱም ለመተኛት ገቡ። ሂግቢ መሰላሉን ሲወጣ ጉልበቱ ቀጭ ቀጭ አለ። ዴልበርት በአሥራ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ታች ተኝቶ ሽቅብ የአልጋውን ጣውላ ያያል፤ እንቅልፍ እንቢ አለው።

“አንተ ልጅ” አለ ሂግቢ ከላይ።

“አቤት ካፒቴን።”

“ዓሣው እንዴት ነበር?”

“ጥሩ ነበር” አለ ዴልበርት። “ሁሉንም በላሁት።”