ካሤን ግራ ያጋባው አበባ

ካሤ ሰቆጣ ገበያ፣ ሀሚዳ ሱቅ በረንዳ ላይ ሃያ ዓመት ልብስ የሰፋ ሰው ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ይኖራል። በ1989 ዓ.ም. አንዷን ክፍሉን ተከራይታ የነበረችው ነርስ ሰላማዊት ወደ ደሴ ስትዛወር፣ በእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ የተተከለ ነገር አስረከበችው።

"አደራዎን ጋሼ፤ ያብባል" አለችውና የአውቶቡሱን ጡሩምባ ስትሰማ ሮጠች። እንዴት እንደሚያዝ ግን አልነገረችውም።

ካሤ አገላብጦ አየው። ቅጠል የለውም፤ ግንድም አይባል። ቀበቶ የመሰሉ ረጃጅም አረንጓዴ ነገሮች ወደ ታች ተንዘርፍፈዋል።

"ቁልቋል ነው" አለች ሀሚዳ።

"እሾሁስ?"

"እንጃ!"

ጠዋት ጠዋት አጠጣው፤ አንዱ ቀበቶ ከሥሩ በሰበሰ። ውሃው በዝቶበት ይሆናል ብሎ ፀሐይ ላይ አወጣው፤ ቢጫ ሆነ። ወደ ቤት አስገብቶ መስኮቱ ሥር አኖረው፤ ወዛ፣ ረዘመ፤ ግን አምስት ዓመት ሙሉ አንድ አበባ አላሳየውም። ልጅቱ ቀልዳበት ይሆን?

በ1994 ኅዳር ላይ እህቱ ማሬ ታመመችና ሊያስታምማት አምደወርቅ ወረደ። ነገ እመለሳለሁ ሲል የካቲት ደረሰ። የቤቱ ቁልፍ ከኪሱ አልወጣም።

ሲመለስ ተክሉ ተጨማዷል፤ አፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ጠርዝ ጠርዙን ደግሞ ቀያይ ነገር አውጥቷል።

"ኩፍኝ ወጣበት!" ብሎ አንዱን በመቀስ ቆርጦ ለሀሚዳ ወሰደላት።

ሀሚዳ በጥፍሯ ፈለቀቀችው። ውስጡ የታጠፈ ቀይ ሐር ይመስላል። "አንተ ሰውዬ፣ እምቡጥ እኮ ነው የቆረጥኸው!"



በሦስተኛው ሳምንት የቀሩት ሰባቱ ፈኩ፤ እያንዳንዱ መዳፍ ያህላል። የገበያው ሰው እየገባ አየ። ካሤ ግን ደስ ይበለው ወይስ ይዘን አላወቀም። ሲንከባከበው እምቢ ያለ፣ ጥሎት ቢሄድ አበበ። ሚስቱ በታመመችበት ዘመን አንድ ቀን ከአጠገቧ ተለይቶ አያውቅም ነበር። ይህን ለምን አሁን እንዳሰበው ራሱም አልገባውም።

በዓመቱ ሆን ብሎ ውሃ ከለከለው። ሁለት ወር እንኳ አልቻለም፤ አሳዝኖት አጠጣው። ሦስት አበባ ብቻ ሰጠው።

"ለእኔም ቁረጥልኝ" አለች ሀሚዳ። "እንዴት ነው የሚያዘው?"

"አጠጪው" አለ ካሤ፣ ቁራጩን በጋዜጣ እየጠቀለለ። "አይ፣ ተይው። ማለቴ... መጀመሪያ አጠጪውና..."

ሀሚዳ ተቀብላው ጠበቀች። እሱ ግን ወደ ቆርቆሮው ጎንበስ ብሎ አፈሩን በጣቱ ነካ ነካ አደረገ።