በሽቦው ላይ ያሰርኳቸው ሦስት ክሮች

የመጡት ባሌን ፈልገው ነበር። እሱ ያን ቀን በጠዋት የወፍጮ ቤት ሞተር ሊጠግን አረካ ሄዶ ነበር። ስላላገኙት እኔን ወሰዱኝ። ከጓሮ ካለችው የጫጩት ክፍል ደግሞ የሙቀት መቆጣጠሪያውን ከግድግዳው ነቀሉ፤ ሽቦውን በፒንሳ ቆርጠው ትራንስፎርመሩንም ጨመሩ።

"ይሄ ምንድነው?" አለ አንዱ ፖሊስ።

"የጫጩቶቹ ነው" አልኩ።

ሽቦው ላይ የታሰሩትን ክሮች አየና ለጓደኛው አሳየው። ከዚያ በኋላ ዕቃውን ከሰውነቱ አርቆ በሁለት ጣቱ ያዘው። መኪና ውስጥም እኔ አጠገብ ሳይሆን ብቻውን ወንበር ላይ አስቀመጡት።

ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የዕቃ ማከማቻ ሳይሆን አይቀርም፤ ግድግዳው ላይ መደርደሪያ የተነቀለባቸው ቀዳዳዎች ነበሩ። ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ከጣሪያው ሥር ባለችው ፍርግርግ የዳሞታ ጫፍ ይታያል። ጉም ሲወርድ ተራራው ይጠፋና ብርዱ ይቀራል።

ውስጥ አንዲት ሴት አገኘሁ። የጉኑኖ ቅቤ ነጋዴ ነች። ወንድሟ ስብሰባ ላይ ተናግሮ ስለተሰወረ በእሱ ፋንታ ይዘዋት ነበር። አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም።

"ሳሮ" ብላ ሰላምታ ሰጠችኝና ከሰሌኗ ግማሹን ለቀቀችልኝ። "አንተ በምን መጣህ?"

"በክር መሰለኝ፣ እትዬ።"

"በክር?"

"በሦስት ክር።"

አሰበችበት። "እኔ በወንድሜ ነው የመጣሁት። ክር ይሻላል። ክር አፍ የለውም።"

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ አስተማሪ ነበርኩ፣ ባሌ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ። ደሞዝ ስለማይበቃን በጓሮ ጫጩት እናሳድጋለን። የአንድ ቀን ጫጩት ብርድ አይችልም፤ ተቃቅፎ ይተኛና የታችኛው ታፍኖ ይሞታል። ባሌ ከተዘጋ የዶሮ እርባታ አንድ የጋዝ ማሞቂያ ገዛ። ጋዙን የሚከፍተው ትንሽ የኤሌክትሪክ ቫልቭ ነው። ግድግዳ ላይ ያለው መቆጣጠሪያ ክፍሉ ሲቀዘቅዝ "ቀጭ" ይልና ለቫልቩ ኤሌክትሪክ ይልካል፤ ሲሞቅ እንደገና "ቀጭ" ብሎ ያቋርጣል። ለዚህ ሦስት ሽቦ ያስፈልጋል። አንዱ ከትራንስፎርመሩ ኤሌክትሪክ ያመጣል፣ አንዱ ወደ ቫልቩ ይሄዳል፣ አንዱ መመለሻ ነው።

ያን ጊዜ ሶዶ ገበያ የተገኘው ቀጭን ሽቦ ሁሉ ነጭ ነበር። ባሌ ሦስቱንም ነጭ ዘረጋ። "እኔ አውቃቸዋለሁ" አለ። በሁለተኛው ሳምንት ለጽዳት ፈትቶ ሲመልስ ማምጫውንና መመለሻውን አገናኘና አንድ ትራንስፎርመር አቃጠለ። እኔ ያረጀ ዱንጉዛ ነበረኝ፤ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር መስመር ያለው የአገራችን ልብስ። ከጫፉ ክር መዘዝኩና በሽቦዎቹ በሁለቱም ጫፍ አሰርኩ። ለማምጫው ቀይ፣ ወደ ቫልቩ ለሚሄደው ቢጫ፣ ለመመለሻው ጥቁር። ከዚያ ወዲህ አልተሳሳተም።

ችግሩ ሰው በዚያ ሰሞን መንግሥት ላልወደደው ስብሰባ ዱንጉዛ ለብሶ መውጣቱ ነበር። ባሌም ለብሶ ወጥቷል፤ አንድ ጊዜም ቆሞ ተናግሯል።

በማግስቱ መርማሪው ዘንድ አቀረቡኝ። ከሌላ አገር የመጣ ወጣት ነው፤ ሲናገር ድምፁን አያነሳም። ዕቃው ጠረጴዛው ላይ ነበር።

"እነዚህን ቀለሞች የመረጠው ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

"ባለቤትዎ አይደለም?"

"ባለቤቴ የመረጠው ነጭ ነው።"

በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ሊስቅ ነበር፣ ተወው።

መርማሪው ወንበሩን አስጠጋ። "እናቴ፣ ልርዳዎት። ዕቃውን የሠራው ባለቤቴ ነው፣ ክሩንም ለምልክት ያሰረው እሱ ነው ብለው ይፈርሙ። ዛሬ ቤትዎ ይገባሉ።"

"የምን ምልክት?"

"እሱን ለእኛ ይተዉት።"

የፈለጉት ገባኝ። ከፈረምኩ እኔ እወጣለሁ፣ እሱ ይገባል፤ የእሱ ደግሞ ቶሎ መውጫ የለውም። ያን ጊዜም ደረቱን ያመው ነበር። ያን ሲሚንቶ አሰብኩ።

"ላሳይዎት" አልኩት። "ምልክቱ ለምን እንደሆነ ዕቃው ራሱ ይነግርዎታል።"

ፈቀደ፤ ግን መብራት የለም። እስኪመጣ ድረስ ሁላችንም ተቀምጠን ጠበቅን። ጫጩት በስንት ቀኑ ላባ እንደሚያወጣ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። እናቱም ዶሮ እንደምታረባ ነገረኝ። ከዚያ ይህን መንገሩ የጸጸተው ይመስል ወረቀት ማገላበጥ ጀመረ።

መብራቱ ሲመጣ የተቆረጡትን ሽቦዎች በጥርሴ ላጥኩ። ቀይ ያለበትን ቀይ ካለበት፣ ጥቁሩንም ከጥቁሩ ጋር ጠመዘዝኩ። የቢጫው ሌላ ጫፍ ቤት ማሞቂያው ላይ ስለቀረ ከሌሎቹ አርቄ አጠፍኩት። ሶኬቱን ላንሳ ስል ፖሊሱ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። መርማሪው ከወንበሩ ተነሳ፣ ግን አልወጣም።

ሰካሁት። "ቀጭ" አለና ትንሿ አረንጓዴ መብራት በራች።

"ምን እያደረገ ነው?"

"ክፍልዎ ቀዝቃዛ ነው። ሙቀት እየጠራ ነው።"

"ማንን ነው የሚጠራው?" አለ ፖሊሱ ከኮሪደሩ።

"ጋዙን" አልኩት። "ጋዙ ግን ቤት ነው፣ አይሰማውም።"

መቆጣጠሪያውን በሁለት እጄ ይዤ ተነፈስኩበት። ትንሽ ቆይቶ "ቀጭ" ብሎ ጠፋ። መርማሪው ተቀበለኝና እሱም ተነፈሰበት፤ አስቀምጦ እስኪቀዘቅዝ ጠበቀና ደገመው። ፖሊሱም ተመልሶ ገባ።

"በቃ፣ ገባኝ" አለ በመጨረሻ መርማሪው። "ባለቤትዎን እንተወው። ግን አለቃዬ ቀለሞቹን አይቷል። ዕቃውን እንዲህ እንዳለ ላስወጣው አልችልም። ክሮቹን አሁን ይፍቱልኝ፣ ዕቃውን ይዘው ይሂዱ።"

ለመፍታት የሚወስደው ጊዜ ትንሽ ነው። እጄም ወደ ቀዩ ሄዶ ነበር። መለስኩት።

"እርስዎ ይፍቱት" አልኩ። "የፈቱትም እርስዎ እንደሆኑ ይጻፉ።"

"ለሦስት ክር?"

"አዎ።"

አልፈታውም። ሶኬቱን ነቀለ፤ እኔንም ወደዚያችው ክፍል መለሱኝ።

የቅቤ ነጋዴዋ ከቤቷ የመጣላትን ጎደሬ በዳጣ እየነከረች ነበር። ነገርኳት።

"እብድ ነህ?" አለችኝ። "በጥርስህ አትፈታውም? ክር እኮ ነው!"

"እኔ ከፈታሁት፣ ያሰርኩት እነሱ ለሚሉት ነገር ነበር ማለት ነው። ለሽቦው ነው ያሰርኩት።"

የያዘችውን አኝካ ዋጠች። ከዚያ ትልቁን ጎደሬ ልጣ ሰጠችኝ። "ብላ። ለክር የታሰረ ሰው ይርበዋል።"

ከዚያ በኋላ ስለ ክሩ የጠየቀኝ የለም። አንድ ቀን ከሰዓት ስሜን ጠርተው "ውጪ" አሉኝ፤ ለምን እንደያዙኝ እንዳልነገሩኝ ሁሉ ለምን እንደለቀቁኝም አልነገሩኝም። በሩ ላይ ያው ፖሊስ አንድ ፌስታል ሰጠኝ። ከፍቼ አየሁ። ቀዩም፣ ቢጫውም፣ ጥቁሩም ነበሩ። የጉኑኖዋ ሴት እዚያው ቀረች። በኋላ እንደተፈታች ሰማሁ፤ አግኝቻት ግን አላውቅም።

ባሌ ውጭ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቀኝ ነበር። ብዙ ሳምንት ያላየኝ ሰው ነው። አየኝ፣ ፌስታሉን አየ፣ እንደገና አየኝ።

"ጫጩቶቹስ?" አልኩት።

"ፍል ውኃ በጀሪካን እየሞላሁ መሃላቸው አስቀመጥኩ። ግማሾቹ ተርፈዋል።" ከዚያ ፌስታሉን ተቀበለኝና ሽቦዎቹን በጣቱ ነካ። "ክሮቹን ፍቺ አላሉሽም?"

"ፍቺ አሉኝ።"

ፌስታሉን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና ሄድን። ማታውን መቆጣጠሪያውን ቦታው መለሰው። ቀይ ከቀይ፣ ቢጫ ከቢጫ፣ ጥቁር ከጥቁር። እኔ የእጅ ባትሪ ያዝኩለት። የጫጩቶቹ ክፍል ከመኝታችን ጋር በአንድ ግድግዳ ስለምትገናኝ ድምፁ ይሰማል። ከዚያ በኋላ በኖርንባቸው ዓመታት በብርድ ሌሊት "ቀጭ" ባለ ቁጥር ለመርማሪው ያልኩትን የነገርኩት ባሌ ዓይኑን ሳይገልጥ "ጠራ" ይል ነበር። ቀጥሎ እሳቱ "ቡፍ" ብሎ ሲያያዝ እንሰማና እንተኛለን።

ባሌን የወሰደው ደረቱ ነው። ሆስፒታል ቆይቶ፣ ያለፈው ክረምት ሳይወጣ ሞተ። ለቀብሩ ብዙ ሰው መጣ፤ ዱንጉዛ የለበሱም ነበሩ። ማንም ምንም አላላቸውም።

ጫጩት ማሳደጉን ልተወው አስቤ ነበር። በቅርቡ ግን ጥቂት አመጣሁ። ክፍሉን ሳጸዳ መቆጣጠሪያውን ራሴ ፈታሁት፣ ራሴም መለስኩት። ቢጫው ክር ነጥቶ ከሽቦው አይለይም፤ ከዚያው ልብስ ሌላ መዝዤ በላዩ አሰርኩበት። አሮጌውን አልፈታሁትም።

ዛሬ ጠዋት ዳሞታ ጉም ለብሷል። ይህን የምጽፈው አልጋው ላይ ተቀምጬ ነው። አሁን ከግድግዳው ወዲያ "ቀጭ" አለ።

"ጠራ" አልኩ። እሳቱ እስኪያያዝ ድረስም ብዕሬን አስቀምጬ ጠበቅሁ።