አንዲት እህታችን

በፈረንጆቹ 2020 በኮቪድ ምክንያት ኮሌጁ ተማሪዎቹን ወደየቤታቸው ሲበትን ልጄ ላፕቶፗን ይዛ ሱቄ ጓዳ ገባች። ቤት እናቷ ከአዛውንቶች መንከባከቢያ ሥራዋ ስትመለስ በስልክ ጸሎት ላይ ናት፤ የእሷ የኦንላይን ትምህርትና የእናቷ ጸሎት አንድ ሳሎን አልበቃቸውም። ሱቄ ከቤክስሊ ትንሽ ወጣ ብሎ ነው። የምሸጠው ሰው ገዝቶ የመለሰውን ዕቃ ነው። ግሮቭፖርት ካሉት መጋዘኖች በፓሌት፣ በእንጨት ርብራብ ላይ እንደተቆለለ፣ ውስጡን ሳላይ እገዛለሁ። ከአንዱ ካርቶን ደህና ቴሌቪዥን ይወጣል፣ ከሌላው የግራ እግር ጫማ ብቻ። ይህ ንግድ ያስተማረኝ ነገር ቢኖር፣ ምን እንደያዘ ያልተጻፈበት ካርቶን ውስጥ መንገደኛው ሁሉ እጁን እንደሚከት ነው።

ልጄ የምታጠናው እንግሊዝኛ ነው። አገር ቤት ላለ ዘመድ ስነግር «እዚያው ተወልዳ እንግሊዝኛ ትማራለች?» ይሉኛል። በዚያ ሰሞን የምትጽፈው ስለ ንቀትና ስለ ውርደት ቃላት ነበር፤ ከየት እንደመጡ፣ ድሮ ምን ይባልባቸው እንደነበር። እኔ ካርቶን እያሸግሁ እሷ ጮክ ብላ ታነባለች።

«ዳዲ፣ ቪለን ድሮ ምን እንደነበር ታውቃለህ?»

«ፊልሙ ሲያልቅ የሚሞተው ነዋ።»

«ኖ። ገበሬ ነበር። የጌቶች መሬት ላይ የሚሠራ ተራ ገበሬ።»

«ታዲያ ምን አጠፋ?»

«ምንም። ድሃ ነበር።»

ቺፕ የሚለውን በተለይ ወደድኩት። መጀመሪያ ገበያ፣ ንግድ ማለት ነበር አለችኝ፤ ቆይቶ ርካሽ ሆነ፣ ከዚያም ሰው የሚናቅበት ስድብ። «መዝገበ ቃላቱን የጻፈው ነጋዴ አይደለማ» አልኳት። ሳቀች። ሉድ የሚለውን ግን ለአባቷ ለመንገር አፈረች። ዛሬ ባለጌ፣ ብልግና ማለት ነው፤ ጥንት ግን ካህን ያልሆነ ሰው ሁሉ፣ ተራው ምእመን ማለት ነበር።

«እንግዲያው ከፓስተሩ በቀር ቤተ ክርስቲያናችን በሙሉ ሉድ ነዋ።»

«ዳዲ! ማሚ እንዳትሰማህ።»

ስቲግማ ባሪያ ገላ ላይ በእሳት የሚተኮስ ምልክት ነበር። ኢግኖሚኒ ደግሞ ስምን ማጣት። «ይሄ ከምልክቱ ይብሳል» አለች፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሳ። «ምልክት ያለበት ሰው ቢያንስ ማን እንደሆነ ይታወቃል።» የተማሪ ወሬ ነው ብዬ ቴፕ መለጠፌን ቀጠልኩ።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በረዶው ቀልጦ ሳያልቅ፣ እርጉዝ መሆኗን ነገረችን። ያስረገዛት የኮሌጅ ጓደኛዋ ወደ መጣበት ስቴት ከተመለሰ በኋላ ስልክ ማንሳት ትቷል። ባለቤቴ አልጮኸችም። ከማድረቂያው የወጣውን ልብስ እያጠፈች ነበር፤ አጥፋ ስትጨርስ ዘርግታ እንደገና አጠፈችው።

በቤተ ክርስቲያናችን ልማድ እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው ሰው ስሙ በምእመናን ፊት ይነበባል፤ ለተወሰኑ ወራት ከአገልግሎት ይታገዳል። ጊዜው ሲያልቅ ቆሞ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ሽማግሌዎቹ ይጨብጡታል፣ እናቶች እልል ይላሉ፣ አለቀ። ተመልሶ የሰው እኩል ነው። እያለቀሰ ተጨብጦ ምሳ ላይ ሁለተኛ ሳህን ያነሳ ጎረምሳ አይቻለሁ። ይህን የምለው ለቀልድ አይደለም፤ መውጫው ስለሚታወቅ ሰው ይችለዋል።

ልጄ ከሃይስኩል ጀምሮ የሕፃናት ሰንበት ትምህርት አስተማሪ ናት። በኮቪድ ጊዜ በዙም ታስተምራቸው ነበር፤ ከሱቄ በወሰደችው ነጠላ ካልሲ ዳዊትንም ጎልያድንም አሻንጉሊት አድርጋ ሠርታ። የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ቅጣቷን ጨርሳ፣ የራሷን ሕፃን ታቅፋ፣ ማንም ሳይንሾካሾክ ወደነዚያ ልጆች መመለስ። «ራሴ እናገራለሁ» አለችን። «ስሜን እላለሁ፣ ያደረግኩትን እላለሁ፣ ከዚያ ዳን ነው፣ አለቀ።» ፊደል ስለማታነብ የምትለውን አማርኛ በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፋ ሱቅ ውስጥ በቃሏ ታጠናው ጀመር። «በድያለሁ» የሚለውን እንዴት እንደሚባል እኔን ነው የጠየቀችኝ።

የቤተ ክርስቲያኑ ትልቁ ሽማግሌ ቤታችን መጡ። አንገቷ ሳይጸና ጀምሮ የሚያውቋት፣ የመጀመሪያ መጽሐፍ ቅዱሷን የሰጧት ሰው ናቸው። ጋራዡ በር ላይ በታጣፊ ወንበር፣ ማስካቸውን እንዳደረጉ ተቀመጡ።

«ተመካክረናል» አሉ። «ልጅ ናት፣ ነገ ትዳር አላት። ስሟን አንጠራም። ‹አንዲት እህታችን› ብለን እናልፈዋለን።»

ባለቤቴ ጉልበታቸውን ልትስም ተንደረደረች። «ኧረ ኮቪድ ነው!» ብለው እግራቸውን ሰበሰቡ። እኔም አመሰገንኳቸው፤ ደግነታቸው ከልብ ነበር። ልጄ ከውስጥ ወጣች።

«ጋሼ፣ ስሜ ይጠራ።»

«አይዞሽ፣ የኔ ልጅ። ለአንቺው ብለን ነው።»

«ይገባኛል። ግን ይጠራ። እኔም ልናገር።»

«አንቺ እኮ የሐበሻን ወሬ አታውቂውም።»

«ያደግኩበት እኮ ነው፣ ጋሼ።»

እሳቸው በፍቅር ራሳቸውን ነቀነቁ። እናቷ «ለጋሼ አትመልሺላቸው» አለቻት። በዚሁ ተዘጋ።

እሁድ ሦስታችን ሶፋው ላይ፣ ላፕቶፑ ፊታችን። ስክሪኑ በሰው ፊት ተሞልቷል፤ አንዱ የሚታየው ግንባሩ ብቻ ነው፣ አንዷ ወጥ ታማስላለች። ሽማግሌው አነበቡ፦ አንዲት እህታችን በድካም ስለተገኘች ለጊዜው ከአገልግሎት ታግዳለች፣ በጸሎት አስቡአት። ልጄ ማይኳን ከፈተች።

«ወንድሞችና እህቶች፣ እኔ—»

ዙሙን የሚመራው ሰው ሚዩት አድርጎ ድምፅዋን ዘጋው። ማይኩ ላይ ቀይ መስመር ስትወጣ አየን። እሷ ግን አላቋረጠችም። ስሟን ከነአባቷ ጠራች፣ ያጠናችውን ቃል በቃል አለች፣ «በድያለሁ»ንም እንዳስተማርኳት አሳምራ። ከጎኗ ተቀምጬ እያንዳንዷን ቃል እሰማለሁ፤ ስክሪኑ ላይ ደግሞ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። እዚያ ያለው ሰው መዝሙር እየከፈተ ነው። እናቷ ክንዷን ይዛ «በቃ፣ በቃ በቃ» ትላታለች። ጨርሳ «አሜን» አለችና ተነሳች።

ሰኞ ስልኩ ተጀመረ፤ ልጄ ማይክ የከፈተችው ልትጸልይ መስሏቸው ማንም አልጠረጠራትም። ማናት? ያልተጻፈበት ካርቶን ነውና ሁሉም እጁን ከተተ። ሴት ልጅ ያላት እናት ሁሉ የራሷን ከሐሜቱ ለማውጣት ተሯሯጠች። አንዷ ልጇ ጂም ስትሮጥ የሚያሳይ ቪዲዮ፣ «ጎበዝ ልጄ» ብላ፣ የቤተ ክርስቲያኑ የስልክ ግሩፕ ላይ ለቀቀች። ልጇ ስትሮጥ ከዚያ በፊት ያየ የለም። ተጣርቶ ተጣርቶ ወሬው መዘምራን ውስጥ ባለች አንዲት ልጅ ላይ አረፈ። ጥፋቷ በኮቪድ መወፈሯ ነው፤ ያልወፈረ ማን አለና።

የዘማሪዋ አባት ሪከንባከር አየር ማረፊያ ካርጎ የሚሠራ ዝምተኛ ሰው ነው። ዩኒፎርሙን እንደለበሰ ሱቅ መጣ።

«ወንድሜ፣ የኔ ናት ይላሉ። ሁለት ሳምንት ሆናት ከክፍሏ ከወጣች። አንተ ብዙ ሰው ታገኛለህ፤ የማን ልጅ እንደሆነች ሰምተሃል?»

አፌን ሳልከፍት ልጄ ከጓዳ ወጣች። «እኔ ነኝ፣ ጋሼ። በጣም ሶሪ።»

እሷን አየ፣ እኔን አየኝ። «እግዚአብሔር ይስጥሽ» አላት። እኔን ሳይሰናበት ወጣ። ልጄ እዚያው ቆማ ግሩፑ ላይ በእንግሊዝኛ ጻፈች፦ ያቺ እህታችሁ እኔ ነኝ፣ ልጅቷን ተዉአት። ከታች ስሟን።

ለዘማሪዋ ልጅ ይቅርታ የጠየቀ መኖሩን እንጃ። ሽማግሌዎቹ ግን ተሰበሰቡ። የተደረገላትን ምሕረት ንቃለች ተባለ፤ ይህ ትዕቢት ነው። የእገዳው ጊዜ ተራዘመ፣ የሕፃናቱ ክፍልም ለሌላ ሰው ተሰጠ። አዲሷ አስተማሪ ካልሲዎቹን እንድትልክላት በቴክስት ጠየቀቻት። ልጄ አጥባ፣ በከረጢት አድርጋ፣ በእኔ እጅ ላከችላት።

ከመውለዷ በፊት ክሊቭላንድ ሥራ አገኘሁ ብላ ሄደች። ዕቃዋን በቫኔ ጫንኩ። ከፓሌት የወጣ የሕፃን አልጋ ነበር፤ ለሰው ስሸጥ የማላደርገውን፣ ብሎኑን ሁሉ አንድ በአንድ አጠበቅኩላት። እናቷ በረንዳው ላይ ቀረች። የተቆጣች መስሏት ልጄ ቀና ብላ አላየቻትም፤ ከወረደች እንደማትለቃት አውቃ እንደቀረች የማውቀው እኔ ነኝ።

ሴት ልጅ ወለደች። አያቷ በቪዲዮ አየቻት።

በ2022 ዙሙ ቀርቶ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ስንመለስ ሽማግሌው በር ላይ ጠበቁን። ሸብተዋል። «ጊዜዋ አልቋል» አሉ። «ትምጣ። በእልልታ ነው የምንቀበላት።» ባለቤቴ ፓርኪንጉ ውስጥ፣ መኪናው መከለያ ላይ ተደግፋ፣ ስፒከር አድርጋ ደወለች። ፊቷ እንደዚያ ሲበራ ካየሁ ቆይቼ ነበር።

«ማሚ» አለች ልጄ፣ ሁሉን ከሰማች በኋላ። «ማንን ነው የሚቀበሉት? ሲያስወጡ ስሜን አልጠሩም እኮ። እኔ እዚያ አልነበርኩም።»

«እንደዚያ አይባልም፣ ልጄ።»

«አልተናደድኩም። ሪሊ፣ የእውነቴን ነው። አንቺ ነይ። ልጄ ቁማ መሄድ ጀምራለች፣ መጥተሽ እያት።»

ከኋላ ሕፃኗ የሆነ ነገር ጣለች። ስልኩ ተዘጋ። በሩ ጋ ስንመለስ ሽማግሌው «ምን አለች?» አሉ። ባለቤቴ «ሥራ በዝቶባት ነው» ብላ ገባች። ቦታችን ላይ ተቀመጥን። ልጄ ያስተማረቻቸው ሕፃናት ሊዘምሩ ተሰልፈው በመካከል ሲያልፉ ባለቤቴ አንድ በአንድ አየቻቸው፤ ረዝመዋል። ከዚያ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ተከትያት ስወጣ መኪና ውስጥ ቀበቶዋን አስራ አገኘኋት።

«ክሊቭላንድ ሩቅ ነው?»

«ሁለት ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው።»

«ንዳ።»

ነዳሁ። ወደ ሰሜን የሚያወጣው መታጠፊያ ጋ ስንደርስ እጇን ክንዴ ላይ አደረገች።

«ተወው» አለች። «በምን ዓይኔ ነው የማያት?»

ፍሬቻውን እንዳበራሁ ትንሽ ቆየሁ። ከኋላዬ ያለው መኪና ጥሩምባ ነፋብኝ። ፍሬቻውን አጥፍቼ ወደ ቤት የሚወስደውን መንገድ ያዝኩ።