ከሥዕሉ ሥር የተለጠፈችው ቀይ ነጥብ

የኮሌጅ መምህራችን፣ ቡራዩ ከተማ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ የመልክዓ ምድር ሥዕል ዐውደ ርእይ አይታችሁ ጽፋችሁ አምጡ ሲለን፣ “አገራችንን ለማን ነው የሚያሳዩት?” ብዬ ጠየቅኩ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ይሳቁ። እኔ የሱሉልታ ገበሬ ልጅ ነኝ፤ እኛ ሰፈር መሬት የሚያደንቅ ሰው ከመጣ ችካል ይከተለዋል።

ሄድኩ። ግድግዳው ሁሉ ተራራ፣ ወንዝና የገብስ ማሳ ነው። ሰው “ሲያምር!” ይላል፤ እኔ ድንበሩ የት ጋ እንደሆነ እፈልጋለሁ። ከአንዳንዶቹ ሥር ትንሽ ቀይ ነጥብ ተለጥፏል። አላማረኝም። እኛ ዘንድ ቀይ ቀለም የሚቀባው ሊፈርስ የታሰበ ቤት ነው።

ጥግ ላይ ስደርስ እግሬ ተያዘ። የእኛ ማሳ! አጥሩ፣ የከብቶቹ መውረጃ፣ ዳር ላይ የቆመው አሮጌ ጽድ። ከሥሩም ቀይ ነጥብ።

“ወደድከው?” አሉኝ ከኋላዬ። ሠዓሊው ናቸው፤ ነጭ ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ።

“ነጥቧ ምንድን ናት?”

“ተሽጧል ማለት ነው።”

“መሬቱ?”

“ሥዕሉ ነው እንጂ!” ሳቁ። “ሦስት ቀን ሙሉ ማዶ ጉብታው ላይ ቆሜ ነው የሣልኩት።”

ባርኔጣውን ያኔ አወቅኩት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ነው፤ ነጭ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ባለሦስት እግር ነገር ተክሎ ማሳችንን እያየ ሲጽፍ ከሩቅ አየሁ። ቀርቤ አልጠየቅኩም። ሮጬ ለአባቴ፣ “ቀያሽ መጥቷል፤ መሬታችን ሊወሰድ ነው” አልኩት።

“እርግጠኛ ነህ?”

“መሣሪያውን አውቀዋለሁ።”

በዚያው ሳምንት አባቴ የገዛ አባቱ የተከለውን ጽድ ለባዕድ አልተውም ብሎ ቆረጠው። ከዚያ ወዲያ ማንም አልመጣም። እኔ ግን ዘገዩ እንጂ አይቀሩም እያልኩ እከራከር ነበር።

“ቦታውን ታውቀዋለህ መሰለኝ” አሉ ሠዓሊው። “ክረምቱ ሲወጣ ያን ዛፍ እንደገና ልሥለው አስቤያለሁ። ደኅና ነው?”

“አላውቀውም” አልኩና ወጣሁ። አፈርኩ።

ሳይመሽ ቤት ገባሁ። አባቴ የጽዱ ጉቶ ላይ ተቀምጦ ከብት ይጠብቃል። ሥዕሉን ያነሳሁበትን ስልክ ሰጠሁት። ዛፉን በጣቱ ነካው።

“ማን ሣለው?”

“ያ ቀያሽ ነው ያልኩት ሰውዬ።”

ይቆጣል ብዬ ጠብቄ ነበር። ስልኬን መለሰልኝ።

“እኔማ የተማረው አንተ ነህ ብዬ ነው” አለና ከጉቶው ተነስቶ ላሞቹን ወደ በረት ነዳ።