በእጅ ብቻ የጠበቀው ቡሎን

በሰው አገር፣ ኦሬንጅ ፋርም በሚባል ሰፈር ውስጥ ሱቅ ከከፈትን ስድስት ዓመት ሆኖናል። ከሸሪኬ ጋር ከሱቁ ጀርባ ባለችው አንዲት ክፍል አብረን እንኖራለን። ሁለታችንም ከሆሳዕና አካባቢ ነን፤ አገር ቤት እኔ መካኒክ ነበርኩ፣ እሱ አስተማሪ። እዚህ ግን ሁለታችንም ዳቦና ፓራፊን የሚሉትን ላምባ በብረት ፍርግርግ ቀዳዳ እያሾለክን እንሸጣለን። ፍርግርጉ የተሠራው ለሌባ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከውስጥ የሚቆመው ግን ሌባው አይደለም። ሸሪኬ በዚህ ከእኔ የበለጠ ይከፋ ነበር።

ከዚያ ፍርግርግ የሚወጣው ለሁለት ነገር ነው፤ እሁድ ለቤተ ክርስቲያን፣ በወር አንድ ቅዳሜ ደግሞ ለመኪና እሽቅድምድም። ሸቀጥ ከምናነሳባት ከትልቋ ከተማ በስተ ምዕራብ፣ ከእርሻዎቹ መሃል፣ አንድ ቀጥ ያለ አስፋልት አለ። ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ይቆማሉ፣ መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ይለቀቃሉ፣ አራት መቶ ሜትር ላይ ነገሩ ያልቃል። ፈቃድ ያለው፣ አምቡላንስ የሚቆምበት፣ ቤተሰብ ሥጋ እየጠበሰ የሚውልበት ቦታ ነው። የሸሪኬ መኪና ያረጀች ባኪ ነበረች፤ ሰው ሁሉ ከከተማዋ የጅምላ ገበያ፣ ከጀፕ፣ ዕቃ የሚጭንባት ዓይነት ትንሽ ፒካፕ። ሁለት ዓመት ለፍተን ሆዷን አውጥተን ትልቅ ሞተር ከተትንባት። ሞተሩን የገጠምኩት እኔ ነኝ። ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም እናገር ነበር።

ችግሩ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነበሩ። ጀፕ ውስጥ ብርድ ልብስ በጅምላ ይሸጣሉ፤ ለሱቁ ስቶክ ልናነሳ በሄድን ቁጥር ሸሪኬን ጥግ ይዘው ይመክሩታል። እኚህ ሰው መምከር ከጀመሩ ቶሎ አይለቁም።

"ልጄ፣ ይሄ እግዚአብሔርን መፈታተን ነው። የመኖሪያ ፔፐር ይዘህ፣ ሾፕ ከፍተህ፣ በሰው አገር በሰላም ተቀምጠህ፣ በገዛ እጅህ ነፍስህን ታስይዛለህ?"

አንድ ቀን የሸሪኬ ትዕግሥት አለቀ።

"ጋሼ፣ እንግዲያው አንዴ ይምጡ" አላቸው። "ይዩት። እዚያው ይጸልዩበት። እግዚአብሔር ካልፈለገው ያቁመኝ። ካላቆመኝ ግን እርስዎም ይተዉኝ።"

"ቃልህ ነው?"

"ቃሌ ነው ጋሼ።"

እኔ ብርድ ልብሱን ታክሲ ላይ እየጫንኩ ነበር፤ ስሰማ ተናደድኩ። በሞተር እንዲህ ያለ ውል የሚዋዋል ሰው ሞተር አያውቅም። ሞተር ኃጢአት ባይሠራም ይሰበራል። ግን ሁለቱም ተጨባብጠው ጨርሰዋል።

በቀጠሮው ቅዳሜ ሽማግሌው ሱፋቸውን ለብሰው መጡ። የሚቃጠለውን ጎማ ጭስ በመሐረብ እየተከላከሉ ከአጥሩ ሥር ቆሙ። የመጀመሪያው ዙር በሰላም አለቀ። ሸሪኬ ሲመለስ ፊቱ በርቶ ነበር፤ ሽማግሌውም ሳይታወቃቸው ሲያጨበጭቡ አይቻቸዋለሁ። ይሄኔ ነገሩ የተቋጨ መሰለኝ።

እኔ ግን ጠርጣራ ነኝ። ባኪዋ ስትመለስ አንድ እንግዳ ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ። በክሪክ አነሳኋት፣ ሥሯ ገባሁ፣ ትኩሱን ዘይት በሳፋ አፍስሼ በጣቴ አሸሁት። የብረት ፍቅፋቂ የሚባል ነገር የለበትም፤ ንጹሕ ነው። የማፍሰሻውን ቡሎን መልሼ በእጄ አስገባሁና እስኪይዝልኝ አዞርኩት። ከዚያ አሥራ ሰባት ቁጥር ቁልፌን ላነሳ እጄን ዘረጋሁ።

"እንጸልይ" አሉ ሽማግሌው።

እኛ ዘንድ "እንጸልይ" ከተባለ በእጅ የተያዘው ሁሉ ይቀመጣል። ወጥ የምታማስል ሴት ማማሰያዋን ትተዋለች፣ ስልክ የሚያወራ ይዘጋል። መኪና ሥር በጀርባ ተንጋሎ መጸለይ ደግሞ ከቶ የሚሆን አይደለም። ወጣሁ፣ ኮፍያዬን አወለቅሁ፣ እጄን እንደነሱ የሞተሩ ክዳን ላይ ጭኜ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ጸሎቱ ረጅም ነበር። ስለ አገር ተጸለየ፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ፔፐራችን፣ ስለ ደንበኞቻችን፣ ቶኮዛ በሚባለው ሰፈር ሱቁ ስለተዘረፈበት ወንድም። እኔ በልቤ ቶሎ በሉ እያልኩ ነበር። በመጨረሻ ወደ ባኪዋ መጡ። "ጌታ ሆይ፣ ፈቃድህ ካልሆነ ዛሬውኑ አሳየን" አሉ። አሜን ከማለታችን ምድባችን በድምፅ ማጉያ ተጠራ። ሸሪኬ ሮጦ አዲሱን ዘይት ሞላ፣ እኔ ሳፋውን ጎትቼ ክሪኩን አወረድኩ፣ ተያይዘን ወደ ሰልፉ ገፋናት። ከሥሯ አንዲት ጠብታ እንኳ አልወረደችም።

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ሸሪኬ ከግማሽ በላይ ድረስ ይመራ ነበር። ከዚያ የሞተሩ ድምፅ ተለወጠ፤ ድስት ውስጥ ጠጠር ጨምረው የሚያናውጡት ዓይነት ሆነ። ቀጥሎ ጭስ ወጣ፣ ቀጥሎ ሞተሩ ዝም አለ። ባኪዋ በራሷ ዘይት ላይ ተንሸራታ በጎኗ ዞረች፤ የግንቡን አጥር ልትመታ አንድ ክንድ ሲቀራት ቆመች። ሮጥኩ። ሸሪኬ በሩን በራሱ እጅ ከፍቶ ወጣ፣ የራስ ቁሩን አወለቀ፣ "ደህና ነኝ" አለ። አስፋልቱ ላይ ቁጭ አልኩ።

ባኪዋን ጎትተው ሲያመጡልን ቀድሜ ሥሯ ገባሁ። የሞተሩ ጎን ቡጢ የሚያስገባ ቀዳዳ ተከፍቶበታል፤ ፒስቶኑን የሚገፋው ብረት፣ ቢየላው፣ ተሰብሮ በዚያ ወጥቷል። ወረድ ብዬ የዘይቱን ማፍሰሻ አየሁ። ቡሎኑ የለም። አሥራ ሰባት ቁልፌ ካስቀመጥኩበት ጨርቅ ላይ ነው ያለው።

"ምንድን ነው?" አለ ሸሪኬ ከላይ።

"ቢየላው ነው። ተሰብሮ ብሎኩን በስቶታል።"

አልዋሸሁም፤ የነገርኩት ግን ግማሹን ነው። ቢየላው የተሰበረው ዘይት ስላለቀ ነው፤ ዘይቱ ያለቀው እኔ ስላላጠበቅሁ ነው። ጓደኛዬን ልገድለው ነበር። ይህን እያወቅሁ ከመኪናው ሥር ስወጣ ልብሴን አራገፍኩ።

እዚያ ሜዳ ላይ የሞተር መሰበር እንደ ጉንፋን ነው የሚታየው። ከጎናችን ድንኳን የዘረጋ ሰው መጥቶ ቀዳዳውን አየና፣ "ሶሪ ማይ ፍሬንድ፣ ሌላ ትገጥማለህ" ብሎት ወደ ሥጋው ተመለሰ። ሽማግሌው ግን እያለቀሱ ነበር። አላልኩህም የሚል ነገር ፊታቸው ላይ አላየሁም፤ ደንግጠው ነው። ሸሪኬን አቀፉት።

"ልጄ፣ እግዚአብሔር ተናገረህ።"

"ቃሌ ቃል ነው ጋሼ" አለ ሸሪኬ።

ባኪዋን ከሱቁ ጀርባ በሸራ ሸፈናት፤ ዳግመኛ ስለ እሽቅድምድም አላነሳም። ከደንበኞች ጋር በአገሬው ቋንቋ በዙሉ ሲቀልድ ይውል የነበረ ሰው "ሳውቦና" ብለው ሰላም ሲሉት መመለስ ሰለቸው። ዳቦውን ያቀብላል፣ የገንዘቡን መልስ ይሰጣል፣ በቃ። ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። እሽቅድምድሙን ከተወ በዚያ አይሞትም፣ ዝምታዬ ነፍሱን እያዳነለት ነው እያልኩ ራሴን አሳምን ነበር። ጥሩ ሰበብ ነበር። እውነቱ ግን አፍሬ ነው፤ መካኒክ ነኝ እያለ ሲፎክር የኖረ ሰው ቡሎን ማጥበቅ ረሳሁ ለማለት አፉ አልታዘዘለትም።

በሰባተኛው ሳምንት፣ ሰኞ ዕለት፣ "ባኪዋን የሚወስድ ሰው አግኝቻለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ይመጣል" አለኝ። እሷ ከወጣች ሌላ እንደማይሠራ አውቅ ነበር። ዕድሜውን ከፍርግርጉ ጀርባ ሊጨርስ ነው፤ ያውም እግዚአብሔር ከለከለኝ ብሎ፣ እኔ በረሳሁት ነገር። አምስት ቀን እህል አልበላልኝ አለ።

ቅዳሜ ጠዋት ሸሚዙን ሲቆልፍ ነገርኩት። ዘይቱን፣ ቡሎኑን፣ ጨርቁ ላይ የቀረውን ቁልፍ፣ ከዚያ ወዲህ ዝም ያልኩትን ሁሉ። ጸሎቱ አዘናግቶኝ ነው ለማለት ፈልጌ ነበር፤ ተውኩት። ከጸሎቱ በኋላም ሁለት እጅ ነበረኝ።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ይመታኛል ብዬ ነበር። ቢመታኝ ደስ ይለኝ ነበር።

"ቡሎን ነው?" አለ።

"ቡሎን ነው።"

"እሱ አይደለም?"

ማንን እንደሚል መጀመሪያ አልገባኝም።

"እኔኮ ከእሱ ጋር ነው የተጣላሁት" አለ። "ከሰጠኸኝ ሁሉ ይቺን አንዷን ነፈግኸኝ ብዬ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በጸሎት አንድ ቃል አልተነፈስኩለትም። እሁድ እሁድ ከጎንህ ቆሜ ዝም ብዬ አፌን ነው የማንቀሳቅሰው።"

"ይቅር በለኝ" አልኩት።

"ከአንተ ጋርማ ምን ችግር አለው፣ አንተን መስደብ እችላለሁ" አለ። ተነስቶ በሩን ከፈተ። "አሁን ውጣልኝ።"

ወጣሁ። በሩን ከኋላዬ ዘጋው። ትንሽ ቆይቶ ድምፁ ተሰማኝ። በአማርኛ አልነበረም፤ በእናቱ ቋንቋ ነበር። ዝቅ ብሎ ጀመረ፣ ከዚያ ጮኸ፣ ከዚያ እያለቀሰ መናገር ቀጠለ። እኔም ባንኮኒው ላይ ተደግፌ አለቀስኩ።

የገዢው መኪና ውጭ ክላክስ አደረገ። ሰውየው ተጎታቹን አቁሞ ወረደና በፍርግርጉ በኩል ባለቤቱ የት እንዳለ ጠየቀኝ።

"ውስጥ ነው። እየተነጋገረ ነው" አልኩት።

"ይቆያል?"

"አላውቅም" አልኩት። "የሰባት ሳምንት ነገር ነው።"